የቸኮሉት አዝራሮች

እናቴ መቀሷን ለመርፌ የላከችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። በአሮጌ የትራስ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ በነጭ ጥብጣብ ሁለት ዙር አሰረችው፤ ቋጠሮውን በግራ እጇና በጥርሷ አጠበቀችና ለወንድሜ ሰጠችው።

«ስፌት ቤቱ ጋ ስታልፍ አድርስልኝ» አለችው። «ምንም እንዳትላት። ስታየው ይገባታል።»

ወንድሜ እኔን አየኝ። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ አየሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከአፉ ቀልድ አይጠፋም ነበር፤ ያን ቀን ግን ጥቅሉን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ወጣ።

መርፌ ከእናቴ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል የሠራች ልብስ ሰፊ ናት። ስሙ የወጣላት ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ነው፤ ምላሷም ይወጋል። እናቴ ትቆርጣለች፣ መርፌ ትሰፋለች። መቀሱን ከእናቴ በቀር የሚነካው የለም። ወንድሜ ልጅ ሳለ አንድ ጊዜ ካርቶን ቆርጦበት፣ እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ያናገረችው በእኔ በኩል ነበር። ያ መቀስ ተጠቅልሎ ከቤት ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ለማናችንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ነገሩ የጀመረው ከአምስት ወር በፊት ነው። እናቴ የሳሎኑን መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ወጣች፤ ወንበሩ ከዳትና በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። አንጓዋ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስራ ቆየች። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፤ እጁ ግን ሥራውን ረስቷል። ጣቶቿ ይታጠፋሉ፣ አንጓዋ ግን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልሄድም አለ። የእጅ ሐኪሟ ቁጡ የምትመስል፣ ስትስቅ ግን ፊቷ ሁሉ የሚፈታ ወጣት ሴት ናት። አንድ እንቅስቃሴ አዘዘችላት፤ ክንድን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ መዳፍን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማንሸራተት፣ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ። እናቴ ሁለት ቀን ሠራችና ተወችው። ጠረጴዛ መወልወል ካማራት እርጥብ ጨርቅ እንደምትይዝ፣ ያኔ ቢያንስ ጠረጴዛው እንደሚጸዳ ነገረችን።

ጨዋታውን የሠራሁላት ያኔ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ማተሚያ ቤት ውስጥ የመጽሐፍ ገጽ አቀናጃለሁ፤ ሥራዬ መስመሮች እኩል እንዲያልቁ ማድረግ ነው። ነገር ግን ማንም ሰው በነፃ ወስዶ ጠፍጣፋ ጨዋታ ሊሠራበት የሚችል ማዕቀፍ እንዳለ አነበብኩ። ጠፍጣፋ የምለው ሥዕሉ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ የሚሄድበትን ነው፤ እናቴም የሚያስፈልጋት ግራና ቀኝ ብቻ ነበር። ማዕቀፉን የሠሩት በየአገሩ ያሉ፣ እርስ በርስ እንኳ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ይከፍተዋል፣ ያነበዋል፣ ስሕተት ካገኘ ያርማል። ሥዕል መሣሉን፣ ድምፅ ማሰማቱን፣ ማውስ መከተሉን እሱ ይችልበታል። ለእኔ የቀረልኝ ምን እንዲሆን እንደምፈልግ መንገር ነው። ሦስት እሑድ ፈጀብኝ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ከላይ የልብስ አዝራሮች ይወድቃሉ፤ ከታች አንድ ቆርቆሮ አለ፤ ቆርቆሮውን በማውስ ግራና ቀኝ እያንሸራተቱ አዝራሮቹን መቅለብ ነው። አንዱ ዙር ስድሳ አዝራር ነው። ቆርቆሮው የእናቴ የራሷ ነው፣ ድሮ ብስኩት የነበረበት፤ አዝራሮቹም የእሷ ናቸው፤ አንድ በአንድ ፎቶ አንስቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ስታያቸው ማውሱን ረስታ ስክሪኑ ላይ ተደፋች። «ይሄ የቡኒው ካፖርት ነው። ይሄ ደግሞ የዚያች፣ ሦስት ጊዜ ያስፈታችን ሴትዮ ቀሚስ!» እያለች ዐሥራ አንድ ብቻ ቀለበች።

ሁልጊዜ የምትጫወተው ጠዋት፣ እኛ ሥራ ከሄድን በኋላ፣ ሳሎን ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰው ሲያያት እጇ ያፍራል፤ እሷ ናት እንደዚህ የምትለው። ጨዋታው የቀለበችውን ቁጥር ይመዘግባል፤ እኔ ማታ ስገባ አነባለሁ። ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ አራት፣ ሃያ። በአምስት ሳምንት አርባ ሁለት ደረሰች። የእጅ ሐኪሟ ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀምጣ በመስመር አያያዘቻቸው፤ መስመሩ ሽቅብ ነበር።

ከዚያ እናቴ ልብ ልብ አላት። አርባ ሁለት የቀለበች ማግስት ለማናችንም ሳትነግር ስፌት ቤት ሄደች፤ መርፌ ዕቃ ልትገዛ በወጣችበት መቀሷን አንሥታ ለአንዲት ሕፃን ካፖርት የሚሆን ወፍራም ጨርቅ ቆረጠች። ማታ እጇ ዳቦ አክሎ አገኘናት። ሐኪሟ ሳምንት እንዳትነካው አዘዘች።

በዚያው ሳምንት ወንድሜ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ትልቅ ስክሪን አመጣ። አለቃው አዲስ ተገዝቶለት አሮጌውን ለእሱ ትቶለት ነው። አሮጌ ይባል እንጂ የእኛን አያት ያደርገዋል። ወንድሜ ሲገጥመው እንደ ሙሽራ አጃቢ ነበር የሚያደርገው። በሰከንድ መቶ አርባ አራት ጊዜ ሥዕሉን እንደሚያድስ፣ የእኛ ግን ስድሳ ብቻ እንደነበር፣ እናታችን ከእንግዲህ አዝራሮቹን አጥርታ እንደምታይ በእራት ሰዓት ሁለት ጊዜ ነገረን። እኔ ድንቹን እየላጥኩ አዎ አዎ አልኩት። ያን ቁጥር ጆሮዬ ሰምቶታል፤ ወደ ውስጥ ግን አላለፈም።

ሳምንቱ አልቆ እናቴ ስትመለስ ዐሥራ ዘጠኝ ቀለበች።

በማግስቱ ሃያ አንድ። ከዚያ ሃያ። ከዚያ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት። ሦስት ሳምንት ሙሉ መስመሩ እንደ ወለል ተዘረጋ። እናቴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አዝራሮቹ እንደሚቸኩሉባት ትናገር ነበር። ወንድሜ፣ የማይቸኩል አዝራር ከፈለገች ኮቱ ላይ የተሰፋ እንዳለው ነገራት። ሐኪሟ ደግሞ በደግነት፣ እጅ ሲደክም ሁሉ ነገር የፈጠነ እንደሚመስል አስረዳቻት። ከዚያ በኋላ ይቸኩላሉ ማለቷን ተወች። ምን እንደምታስብ ግን እናውቃለን፤ ካፖርቱን ነው። በገዛ እጄ እጄን ጨረስኩት ብላ ነው። አንድ ቀን ብቻ፣ ዕቃ እያጠበች፣ ለእኔም ይሁን ለሰሐኑ ሳታሳውቅ፣ «ለአንድ ሕፃን ካፖርት ብዬ» አለች።

ሐኪሟ ለሐሙስ ቀጠሮ ሰጠች። ቁጥሩ እስከዚያ ካልተነሣ እጇ ባለበት ሊቀር እንደሚችልና በዚያው ማቀድ እንደሚሻል በጥንቃቄ ነገረቻት። እናቴ ሐሙስን አልጠበቀችም። መቀሷን ማክሰኞ ላከች።

እኔ ያን ዕለት ጠዋት ማተሚያ ቤት ተቀምጬ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አበላሸሁ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል። ጨዋታውን ላጭበረብረው አሰብኩ። አዝራሮቹን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ባዘገያቸው፣ እናቴ ሳታውቅ ቁጥሩ ይነሣል፤ ቁጥሩ ከተነሣ ልቧ ይነሣል፤ መቀሱም ይመለሳል። ሐሙስ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶታል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት የሚለውን ወደ በዛ በዛ መለወጥ ሊኖርብኝ ነው።

ማዕቀፉን የሚሠሩትና የሚጠቀሙበት ሰዎች የሚወያዩበት ገጽ አለ። እዚያ ጽፌ አላውቅም ነበር፤ ሰው ፊት መናገር የሚከብደኝ፣ ሰው በሌለበትም ይከብደኛል። ገጹ አንድ ደንብ አለው። ጥያቄ ያለው ሰው ጨዋታውን በሙሉ አያመጣም፤ ጥያቄው እስኪቀር ድረስ ሌላውን ሁሉ ቆርጦ ይጥልና የቀረችውን ቁራጭ ይለጥፋል። የምሳ ሰዓቴን በሙሉ ኮዱን ስቆርጥ አሳለፍኩ። ቆርቆሮውን አወጣሁ። ድምፁን አወጣሁ፣ መዝገቡን አወጣሁ፣ የአዝራሮቹን ፎቶ አወጣሁ። አራት መቶ መስመር የነበረው ዐሥራ አራት መስመር ሆነ፤ አንድ ነጭ ክብ ከላይ ወደ ታች ይወድቃል፣ በቃ። ከሥሩ፣ ተጫዋቹ ሳያውቅ እንዴት ላዘግየው ብዬ ጠየቅሁና ሰው ያየኝ ይመስል ላፕቶፑን ዘጋሁ።

መልሱን ረቡዕ ጠዋት አገኘሁት። የመለሰልኝ ሰው ስሙ ሰነፍ ኤሊ ነው። ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ አላውቅም፤ ብቻ በየጥያቄው ሥር ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ቁራጯን ኮድ በራሱ ኮምፒውተር ላይ አስኪዷት ነበር።

«ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ» ይላል። «ክቡ ከላይ እስከ ታች ለመድረስ እዚያ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? እኔ ጋ ሁለት ስክሪን አለ። በአንዱ አምስት ሰከንድ ነው፣ በሌላው ሁለት። የትኛውን ነው ማዘግየት የተፈለገው?»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው የወንድሜ ድምፅ ከእራት ጠረጴዛው ተነሥቶ መጣ፤ በሰከንድ መቶ አርባ አራት ጊዜ።

የእኔ መስመር እንዲህ ነበር የሚለው፤ ሥዕሉ በታደሰ ቁጥር አዝራሩ ሁለት ነጥብ ይውረድ። በሰከንድ አላልኩም፤ በታደሰ ቁጥር ነው ያልኩት። ሥዕሉ የተሠራው ከጥቃቅን ነጥቦች ነው፤ ከላይ እስከ ታች ስድስት መቶ ነጥብ አለ። ስድሳ ጊዜ በሚያድስ ስክሪን አምስት ሰከንድ ይፈጃል። መቶ አርባ አራት ጊዜ በሚያድስ ስክሪን ሁለት። ማዕቀፉ ሥዕሉን ባደሰ ቁጥር ካለፈው ጊዜ ወዲህ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ በአንድ ቁጥር ይነግራል፤ ፍጥነትን በዚያ ቁጥር ማባዛት ነው። ይህ በጀማሪዎች መመሪያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል። እኔ የመጀመሪያውን ገጽ ዘልዬ ነው ወደ ሥዕሉ የሄድኩት። ስሞክረው የኖርኩትም ስድሳ ጊዜ በሚያድሰው የራሴ ላፕቶፕ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ቀን በቀር እናቴ ስትጫወት አላየሁም።

አለቃዬን ለምኜ ከምሳ በፊት ወጣሁ። የሄድኩት በእግሬ ይሁን በሌላ ነገር አላስታውስም።

እናቴ በግራ እጇ ልብስ ታጥፋለች። ምነው ዛሬ፣ አመመሽ ወይ አለችኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ፣ ላፕቶፔንና ትልቁን ስክሪን፤ በሁለቱም ላይ ጨዋታውን ከፈትኩ። የግድግዳ ሰዓቱን አውርጄ ለእሷ ሰጠኋትና አንድ አዝራር ከላይ እስከ ታች ሲወርድ እንድትቆጥርልኝ ነገርኳት።

ላፕቶፑ ላይ አምስት ቆጠረች። ትልቁ ላይ ሁለት። ደግማ ቆጠረች። ሰዓቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እንግዲህ ይቸኩሉ ነበር» አለች።

«ይቸኩሉ ነበር፣ እማዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እንደምንም ላስረዳት ሞከርኩ፤ መታደሱን፣ ነጥቡን፣ ሰከንዱን። ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ገባኝ። የስፌት መኪና አንድ ጊዜ በወጋ ቁጥር ጨርቁን አንድ እርምጃ ይገፋል። ፔዳሉን አጥብቀሽ ስትረግጪ እርምጃው አይረዝምም፤ ጨርቁ ነው የሚሮጥብሽ። ወንድምሽ ያመጣው ስክሪን ፔዳሉን ረግጦታል።»

ከዚህ የተሻለ ያስረዳ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

እርማቱ አንድ ማባዣ ነበር። አስገባሁት፤ በሁለቱም ስክሪን ላይ በሰዓት ለካን፤ አምስትና አምስት። እናቴ ወንበሩን ስባ ትልቁ ስክሪን ፊት ተቀመጠች፤ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። እጇ እንደሚያፍር ትዝ አለኝና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ስለዚህ ያየሁት ነገር የለም፤ የሰማሁትን ነው የምናገረው። አዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ሲገባ ቅጭል ይላል፤ ሲያመልጥ ወለል ላይ ጠብ ይላል። ሁለቱንም ድምፅ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ጠብ። ከዚያ ረጅም ቅጭል ቅጭል። የማውሱ መንሸራተት ከሥሩ ይሰማል፤ አይጣደፍም፣ አይደናበርም። ጠቡን ብቻ በጣቴ እቆጥር ነበር። ዙሩ ሲያልቅ ስድስት ጣት ታጥፏል።

ዞርኩ። ስክሪኑ ሃምሳ አራት ይላል።

እናቴ ቁጥሩን አላየችም፤ እጇን ነው የምታየው። እንደ ሰው ዕቃ ገልብጣ አየችው፣ መልሳ ገለበጠችው።

«ካፖርቱ አይደለም ማለት ነው?» አለች።

«አይደለም፣ እማዬ። ካፖርቱ አይደለም።»

ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ሦስት ሳምንት ተሸክማው የኖረችው ነገር እዚያው ወንበሩ ላይ ከላይዋ ሲወርድ በዐይኔ በብረቱ አየሁት። ሳቀች፤ ከዚያ አፍንጫዋን በታጠፈው የወንድሜ ሸሚዝ ጠረገች፤ ከዚያ የሸሚዙን ነገር ለወንድሜ እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ። እኔም ያን ጊዜ ልቤ ስለዐረፈ ይሁን ምን፣ ላጭበረብራት አስቤ እንደነበር፣ ነገሩ የተገኘውም በዚያ ሰበብ እንደሆነ ነገርኳት።

«ልትሸውጂኝ ነበር በይኛ» አለች።

«አዎ።»

«ሳትለኪ መቁረጥ ከማን እንደተማርሽ እንጃ። ከእኔ አይደለም።» ቁጣ ግን አልነበረባትም። ወደ ስክሪኑ ተመለሰችና ሌላ ዙር ጀመረች፤ በዚህኛው ፊትሽን አዙሪ አላለችኝም።

ሐሙስ ሐኪሟ ወረቀቱን ዘርግታ ነገሩን ሁሉ ሰማች። ላፕቶፔ ላይ አዝራሮቹን እንደ ትልቁ ስክሪን አፍጥኜላት ራሷ አንድ ዙር ሞከረችና ሠላሳ አንድ ቀለበች። ከዚያ እናቴን የመጨበጫ መለኪያዋን እንድትጨብጥ አደረገቻት፤ አንጓዋን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አስኬደችና ለካች፤ ጻፈች።

«እማማ፣ እርስዎ በዚህ ፍጥነት ሦስት ሳምንት ሲሠሩ ነው የከረሙት» አለቻት። «እኔ ባዝዝልዎ ኖሮ ጨካኝ ይሉኝ ነበር። እጅዎ አልቆመም። በቀን ግማሽ ሰዓት ስስ ጨርቅ መቁረጥ ይጀምሩ። ካፖርት ገና ነው።»

ስለ ካፖርቱ ለሐኪሟ የነገርናት እኔና ወንድሜ አይደለንም። እናቴ ጣራውን አየች።

እናቴ ጫማዋን እስክታስር ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለሰነፍ ኤሊ ጻፍኩ። ማዘግየት እንደማያስፈልገኝ፣ ለምን እንደማያስፈልገኝም ነገርኩት፤ ሰው ፊት ከተናገርኩት ሁሉ ረጅሙ ያ ሳይሆን አይቀርም። ወዲያው መለሰ። እንኳን ደስ አላችሁ ካለ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ዘልሎ የሚያልፈው ሰው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ፣ ስለዚህ መመሪያው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ በራሴ አነጋገር እንድጽፍ ለመነኝ። የእነሱ ልማድ ሁለት ሰው አንብቦ ካልተስማማበት ምንም ነገር እንዳይገባ ነው። በኋላ የእናቴን የስፌት መኪና ምሳሌ እንዳለ ጻፍኩት። ሁለቱም ተስማሙ፤ አንደኛው ብቻ ፔዳል ለሚለው ቃል ሥዕል እንዲገባለት ጠየቀ።

ከሐኪም ቤት ወደ ስፌት ቤት ሄድን፤ ወንድሜ ነው ያደረሰን። በመንገድ ላይ ስክሪኑን መልሶ እንዲወስድ ሦስት ጊዜ ለመናት፤ እናቴ በፍጹም አለች፤ ለምዳዋለች።

መርፌ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ነበር። ስንገባ ቀና አላለችም። እናቴ የራሷ የመቁረጫ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች። ጠረጴዛው ተወልውሏል፤ ላዩ ላይ ጠመኔዋና መለኪያዋ ብቻ አሉ፤ ሰው እንዳልተቀመጠበት ያስታውቃል።

«ማክሰኞ አንድ ነገር ልኬልሽ ነበር» አለች እናቴ።

«ደርሶኛል።»

«ከፈትሽው?»

መርፌ መኪናዋን አቆመች። «ለምን እከፍተዋለሁ? እኔ መቀስ ጎድሎኛል? ቁመቱ ልክ ነው ብዬ የእግሬ ማሳረፊያ አደረግሁት።»

ወንድሜ አጎንብሶ አየ። እውነቷን ነው። ጥቅሉ ከፔዳሉ ጎን ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ጥብጣቡም ቋጠሮውም እንዳለ ነው፤ ላዩ ላይ የጫማ ምልክት አለበት። እናቴ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሦስት ቀን አታናግረውም ነበር።

«እግርሽን አንሺ እንግዲህ» አለቻት።

መርፌ አነሣች። ወንድሜ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቋጠሮውን ሊፈታ እጁን ዘረጋ፤ እናቴ እጁን መታ አደረገችው። በቀኝ እጇ ጀመረች። ቋጠሮው በጥርስ የጠበቀ ነው፤ ጥፍሯ ሁለት ጊዜ ሾለከ። ሦስታችንም ዙሪያዋን ቆመን የሚያየው ነገር እንደጠፋበት ሰው ሌላ ሌላ ነገር እያየን ጠበቅናት፤ መርፌ ክር፣ ወንድሜ መስኮት፣ እኔ የጫማዬን ማሰሪያ። ጥብጣቡ ላላ፤ ከዚያ ተፈታ።

«ማን ነው እንደዚህ አጥብቆ ያሰረው?» አለች እናቴ፣ ጨርቁን እየገለጠች።